ብረት ያልሆነው ብረት ድስት

ምናለሽ ተራ ውስጥ ውዳቂ ገዢው ከሚዛኑ በፊት የሚያነሣው ማግኔት ነው፤ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ። ክምሩ ላይ ያሳልፈዋል። የተጣበቀው ወደ ግራ፣ ያልተጣበቀው ወደ ቀኝ። እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን «ብረት ድስት» ሲሉት የኖሩት ዕቃ ማግኔቱን ዞር ብሎም አያየው። ብረት አይደለማ፣ አሉሚኒየም ነው! ወርቅ፣ መዳብ፣ እርሳስ የየራሳቸው ስም ነበራቸው፤ ይሄኛው ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ስለሆነ የብረትን ስም ተውሶ ወጥ ቤት ገባ።

*

ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው ልጅ «ቁራሌው!» ይላል፤ «ቆርቆሮ ያለው» ማለቱ ነው። ዕቃው የሚያርፍበት ተራ ደግሞ «ምን አለሽ?» እያለ ይጠይቃል። ክርክሩ የሚያልቀው በር ላይ ነው።

«ማዘር፣ ይሄ እኮ ሳስቷል፤ ሚዛን አያነሣም።»

«አንተ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ወጥ የሠራሁበት ነው!»

ለሠላሳው ዓመት የሚከፍል የለም። በኪሎ ነው።

*

ድስቱ ወጥ ከመያዙ በፊት ብዙ በልቷል። ለአንድ ኪሎ አሉሚኒየም ከ4 እስከ 5 ኪሎ ቦክሳይት የሚባል ቀላ ያለ አፈር ይቆፈራል። አፈሩ በኮስቲክ ሶዳ ተጣርቶ 2 ኪሎ ገደማ ነጭ ዱቄት ይወጣዋል። ዱቄቱ 960 ዲግሪ በሚደርስ የቀለጠ ጨው ውስጥ ይሟሟና ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ ከ400 ግራም የማያንስ ካርቦንም አብሮ ይቃጠላል። መብራቱ 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። በቤታችን ቋንቋ፣ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ 4 ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ሲግል። ለአንድ ኪሎ!

*

ምጣድ ካነሣን አይቀር፣ ሸክላውም ውስጥ አሉሚኒየም አለ። ከመሬት ቅርፊት 8 በመቶ ያህሉ እሱ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ የምታቦካው ጭቃ ሞልቶታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ አክንባሎም ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው። እታች ከኦክስጅንና ከሲሊኮን ጋር እንደታሰረ፣ እላይ ከእስር ተፈትቶ። ማስፈቻው የመብራት ክፍያ ነው፤ እንጀራው መሐላቸው ተኝቶ ይህን አያውቅም።

*

እኛ አሉሚኒየም ከአፈር አናወጣም። የዓባይ ውኃ ግን አሉሚኒየም መሆን ከጀመረ ቆይቷል፤ ናግ ሐማዲ ያለው የግብፅ ማቅለጫ የተተከለው በአስዋን ግድብ ኃይል ነው። ጋናም አኮሶምቦን ስትገድብ የቴማን ማቅለጫ ዋና ደንበኛ አድርጋ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴ ግድብ በ5150 ሜጋ ዋት ሲመረቅ «አሁን እኛም ማቅለጫ እንትከል» ያለኝ ወዳጅ አለ። መጀመሪያ ምናለሽ ተራ ሂድና የተከመረውን መብራት ቁጠር አልኩት። ተቀየመኝ መሰለኝ።

*

አሮጌውን መልሶ ለማቅለጥ 660 ዲግሪ ይበቃል፤ አዲሱ ከሚፈጀው ኃይል 5 በመቶ ገደማ። ስሌቱ ግን ለደህና ምድጃ ነው። ክፍት ከሰል ላይ አብዛኛው ሙቀት ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ እንደ ወረቀት ከሳሳው ቁራጭም ከፊሉ ተቃጥሎ አመድ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ የሚብሰው ቅይጡ ነው። የሞተር ክዳን፣ የመስኮት ፍሬምና የሽቦ ቁራጭ አንድ ላይ ሲቀልጡ ምን አብሮ እንደገባ ዓይን አይለየውም። ካሜሩን ውስጥ ከውዳቂ የተሠሩ ድስቶች በቀጭን አሲድ ተፈልተው ሲመረመሩ እርሳስ ወጥቶባቸዋል። ቲማቲምም አሲድ አለው። የሞተር ክዳን መልሶ የሞተር ክዳን ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ድስት ባይሆን።

*

የ1969ዋ አንድ ሳንቲም፣ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርስባት፣ አሉሚኒየም ናት። ክብደቷ 0.6 ግራም። ኪሎ ለመሙላት 1667 ሳንቲም ያስፈልጋል፤ ይኸውም 16 ብር ከ67። ምናለሽ ተራ በዚህ ዋጋ ኪሎ አሉሚኒየም የሚሸጥ ሰው አላገኘሁም። ስሌቱን ለአንድ ሚዛን ያዥ ነገርኩት።

«ሳንቲሟን አምጣትና እናያለን» አለኝ፣ ማግኔቱን እያነሣ።