ባሕር ዳር ላይ ጥሩ ፑል ቤት ፍለጋ

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አልጽፍም፤ ስለ ፑል ቤት ልጽፍ ነው። «ዶክተርን ደግሞ ከፑል ቤት ምን አገናኘው?» የምትሉ ወላጆች እንደምትኖሩ አውቃለሁ። «ልጄን ፑል ቤት በላብኝ» የሚለው ቃል እኔ ክፍል ውስጥ ከራስ ምታት ባልተናነሰ ይሰማል።

እኔ ግን ፑል እወዳለሁ። አባቴም በወጣትነቱ ከረንቡላ ይጫወት ነበርና ነገሩ የዘር ሳይሆን አይቀርም። ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስሄድ፣ አልጋ ከያዝኩ በኋላ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ደህና ፑል ቤት የት አለ?» የሚል ነው። «ደህና» ስል ግን የእኔ ትርጉም ከሌላው ሰው ትንሽ ይለያል። ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። ሲጋራ የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ሃያ ደቂቃ ከቆየሁ ደረቴ ይታፈናል፣ ሲር ሲር ማለት ይጀምራል፣ ሌሊቱን ፓፍ ይዤ ቁጭ ብዬ አድራለሁ። ስለዚህ ጥሩ ጠረጴዛ ከማግኘቴ በፊት የሚተነፈስ አየር ማግኘት አለብኝ።

በቅርቡ ለሥልጠና ባሕር ዳር አንድ ሳምንት ቆይቼ ነበር። ከ2015 ክረምት ወዲህ የባሕር ዳር ምሽት እንደ ድሮው አይደለም፤ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ሥልጠናው እንዳለቀ 10 ሰዓት ላይ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ፑል ቤትማ ሞልቷል። ምን ዓይነቱን ነው የሚፈልጉት?»

«ጭስ የሌለበት።»

ሳቀ። «እንግዲያማ ጊዮርጊስ ልውሰድዎት!»

ቤተ ክርስቲያኑን ማለቱ ነው። ቀልዱን ወደድኩት፤ ግን እውነቱን ነው የተናገረው። እርሱ የሚያውቃቸው ፑል ቤቶች ሁሉ ይጨስባቸዋል።

መጀመሪያ የገባሁበት መሃል ከተማ፣ ከሱቆች ጀርባ ነበር። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል፣ መስኮቱ በላሜራ ተመቷል፣ በጠራራ ፀሐይ ውስጡ ማታ ነው። እኔ አዲስ ፑል ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ በአፍንጫዬ በረጅሙ እስባለሁ። በዚያ ሰዓት ማንም አላጨሰም፤ ሽታው ግን ከመጋረጃውና ከጠረጴዛው ጨርቅ ይወጣል። የሲጋራ ጭስ በመስኮት ወጥቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ጨርቅ፣ ግድግዳና ልብስ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቤቱን በቀን ሄዳችሁ እዩ የምለውም ለዚህ ነው፤ ማንም ሳያጨስ የሚሸት ቤት ማታ ምን እንደሚመስል መገመት አይከብድም።

ሕጉን የማያውቅ ብዙ ሰው ስላለ እዚህ ላይ ልጥቀሰው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ፑል ቤትም ሕዝብ የሚገለገልበት ቤት ነው። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራ መሸጥ ክልክል ነው፤ በፍሬ መሸጥም ክልክል ነው፤ ሺሻ ጨርሶ ታግዷል። ሺሻ «በውኃ የተጣራ ስለሆነ አይጎዳም» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ ሰዓት ሺሻ ወደ ሳንባ የሚገባው ጭስ በመጠኑ ከአንድ ሲጋራ ጭስ መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም።

የቤቱን ባለቤት መስኮቱን ለምን እንደዘጋው ጠየቅኩት። እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ልጆቹ ወላጅ ያየናል ብለው አይገቡማ። መጋረጃው ከተነሳ ገበያ የለም።»

ይህ መልስ ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። መጋረጃውን የሰቀለው እርሱ ነው፤ ያሰቀለው ግን የእኛ የወላጆች ቁጣ ነው። ፑል ቤትን ሁሉ በጅምላ «የዱርዬ መዋያ» ብለን ስናወግዝ ልጁ መጫወቱን አይተውም፤ የማይታይበትን ቤት ይመርጣል። የማይታይበት ቤት ደግሞ አየር የማይገባበት፣ ጭሱ የማይወጣበት፣ ከጀርባው ምን እንደሚሸጥ የማይታወቅ ቤት ነው። ክሊኒኬ ለሚመጡ እናቶች አሁን የምላቸው «አትከልክዪው» አይደለም፣ «ዝም በዪው»ም አይደለም፤ «ሄደሽ እዪው» ነው። አንዷ እናት «ዶክተር፣ በዚህ ዕድሜዬ ፑል ቤት ልግባ?» ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ገባች ግን። ጎረቤቷን አስከትላ 10 ሰዓት ላይ ሄዳ፣ ለስላሳ አዝዛ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣ አየች። ልጇ ለአንድ ሳምንት አኩርፏት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚጫወትበትን ቤት አብረው መረጡ።

ወደ ፍለጋዬ ልመለስ። ሁለተኛው ቤት ወደ ፔዳ ግቢ አካባቢ ነበር፤ ተማሪዎች ይበዙበታል። ብርሃን አለው፣ ወለሉ ተጠርጓል፣ ጭስ የለም። ደስ ብሎኝ ስቲክ ላነሳ ስል ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የተጣጠፈ ብር አየሁ። ተሸናፊ የጌሙን ሂሳብ መክፈሉ የቆየ ልማድ ነው፤ እርሱን ነውር አልለውም። አሲዞ መጫወት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስቴ ተሸንፎ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ያጣውን ለማስመለስ ያለውን ሁሉ ሲያስይዝ ተመለከትኩ። የቁማር ሱስ ሲጀምር እንደዚህ ነው የሚመስለው፤ ጨዋታው ይረሳና ያጡትን ማሳደድ ይቀራል። ልጃችሁ ሞባይሉ «ከጠፋ»፣ ለጓደኛ ዕዳ ካለበት፣ ለደብተር የወሰደው ብር ሁልጊዜ ካልበቃው፣ «ፑል ቤት ትሄዳለህ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ታስይዛለህ?» በሉት። እኔ እዚያ አልተጫወትኩም።

ሦስተኛውን ያገኘሁት በማግሥቱ በእግሬ ነው፤ በሽምብጥ በኩል ወደ ሐይቁ ዳርቻ ስንሸራሸር። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰፊ ቤት ነው፤ በአንድ ወገን በሩ፣ በተቃራኒው ወገን ሁለት ትልልቅ መስኮቶች ወደ ጣና ይከፈታሉ። ቀን ቀን ነፋሱ ከውኃው ወደ የብስ ስለሚነፍስ ቤቱ ማራገቢያ አያስፈልገውም። አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ካልወጣ አንድ መስኮት ብቻ መክፈት ብዙም አይጠቅም፤ ቤታችሁንም ስታናፍሱ ይህን አስቡ። ባለቤቷ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ልጆቹ «እታለም» ይሏታል። ጫትና ሲጋራ አታስገባም። ጠረጴዛዎቹ ሁለት ናቸው። ነጩን ኳስ ቀስ አድርጌ በቁመት ሰደድኩት፤ ወደ ጎን ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ሄዶ ቆመ። ስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አንከባለልኩት፤ አልተወላገደም። ጨርቁ አንድ ቦታ ተጥፏል፤ ምንም አይደል፣ ለእኔ ይበቃኛል።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። እታለም ቡና ታፈላለች፤ ቡና ካለ ደግሞ ዕጣን አለ። ለአስም ሳንባ የዕጣን ጭስና የሲጋራ ጭስ ያው ጭስ ነው፤ የከሰሉም እንዲሁ። ይህን ለአስም ታማሚዎቼ ስነግር ብዙዎቹ ቅር ይላቸዋል፤ ዕጣን የቤት ክብር ነዋ! ለእታለም በትሕትና ነገርኳት። «ውይ በሞትኩት!» ብላ ማጨሻውን አንስታ በረንዳው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀን በኋላ በየቀኑ እዚያው ሄድኩ።

ሐይቅ ዳር ለምትጫወቱ ሁለት ነገር በጨረፍታ ልበል። ልጆቹ ሲሞቃቸው ተራ እስኪደርሳቸው ዳርቻው ላይ ገብተው ይታጠባሉ፣ ይዋኛሉ። ጣና ዳርቻ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ በጤነኛ ቆዳ ሰርስሮ ነው የሚገባው። የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ያየ ልጅ የሰገራ ምርመራ ያድርግ፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። ሁለተኛው፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወባ ይደርስባታል። 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ በተከፈተ መስኮት ሥር የሚጫወት ሰው እጅጌው ረዥም ቢሆን ይሻላል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ከሚጫወቱት መካከል አንድ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ይህን እንድጽፍ ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ። ጎበዝ ተጫዋች ነው፤ ሁለት ቀን በተከታታይ አሸንፎኛል። የመጣው ከገጠር ነው። በግጭቱ ምክንያት በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል፤ የእርሱም ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ እናቱ ባሕር ዳር አክስቱ ዘንድ ላኩት። ቀኑን የሚያሳልፍበት ሌላ ነገር የለውም። መጀመሪያ ይሄድ የነበረው መሃል ከተማ፣ መጋረጃ ባለበት ቤት ነበር። እታለም ጋ መምጣት የጀመረው ቅርብ ጊዜ ነው።

ነጩን ኳስ ለመምታት ጎንበስ ሲል ያስለዋል። ተነስቶ፣ ጠብቆ፣ እንደገና ጎንበስ ይላል። በሦስተኛው ቀን ወደ በረንዳው ጠራሁት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስልህ?»

«ከፋሲካ በፊት ጀምሮ። ብርድ ነው፣ ጋሼ።»

ፋሲካ ካለፈ ከወር በላይ ሆኗል። ሱሪው በገመድ ታስሯል። ሌሊት ያልብህ እንደሆነ ብዬ ስጠይቀው «አንሶላው ይረጥባል» አለኝ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለው ማንኛውም ሰው የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም የቲቢ ምርመራ ማድረግ አለበት፤ ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ሲጨመርበት ደግሞ አንድ ቀን ማደርም ትክክል አይደለም። በማግሥቱ ጠዋት ከአክስቱ ጋር ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታ ሰጠ። ቲቢ ነበር።

ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው፤ ታማሚው ሲያስልና ሲናገር ከሚወጡ ጥቃቅን ነገሮች። አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይበተናሉ፤ በተዘጋና ጨለማ ክፍል ውስጥ ግን ለሰዓታት ሊንሳፈፉ ይችላሉ። ያ መጋረጃ ያለበት ቤት ትዝ አለኝ። ልጁ እዚያ ይዞት ይሁን አገሩ እያለ ማንም ሊናገር አይችልም፤ እዚያ ውስጥ ሲያስል አብረውት የዋሉት ልጆች ግን መመርመር እንዳለባቸው ይታወቃል።

ልጁ ራሱ ለእታለም ነገራት። ደነገጠች፤ ገበያዬ ሊያልቅ ነው ብላም ፈራች፤ አልፈርድባትም። ሁለት ልጆች እርሱ የሚይዘውን ስቲክ እንጣለው አሉ። ቲቢ በስቲክ፣ በኳስ፣ በብርጭቆ ወይም በመጨባበጥ እንደማይተላለፍ ነገርኳቸው። እታለም ግን ከእኔ ይልቅ በአጭሩ ጨረሰችው፤ «ስቲኩ ይቀመጥ፣ እናንተ ሄዳችሁ ተመርመሩ» አለቻቸው። አራቱን ራሷ ይዛ ሄደች። መሃል ከተማ ላለው ቤት ደግሞ የጤና ጣቢያው ባለሙያዎች ሄዱ።

የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል፤ አደጋው ያለውም እዚያው ላይ ነው፤ ተሻለኝ ብሎ ያቋረጠ ሰው በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ተመልሶ ይመጣበታል። ልጁ መድኃኒቱን የሚውጠው ጠዋት ጠዋት አክስቱ እያየችው ነው።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። አንደኛውን ወር ጨርሷል፣ ሳሉ ቀንሷል፣ ምግብ ይበላል። «ዶክተር፣ መቼ ነው ስቲክ የምይዘው?» አለኝ። ጤና ጣቢያው አክታህን ደግሞ አይቶ እስኪፈቅድልህ ወደ ውስጥ አትግባ አልኩት። እስከዚያው እታለም በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታለታለች፤ ማስክ አድርጎ በመስኮቱ በኩል ጨዋታውን እያየ የተጫዋቾቹን ተራ ይመዘግባል። ተራ ለማጭበርበር የሚሞክር ካለም ከውጭ ሆኖ ይጮህበታል።