ከመቼ ወዲህ ነው?

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ፥ ኅዳር 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ነው። ዲላ በቡና ወሯ ላይ ነበረች፤ ከይርጋጨፌ በኩል የሚመጡት የጭነት መኪኖች በሞያሌው መንገድ ከተማይቱን እያቋረጡ ወደ ሰሜን ይጓዛሉ። እኔ ደግሞ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፥ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ የኔትዎርክ ገመድ እነካካለሁ።

የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ጋር ተኳርፏል። የጋራውን ፋይል አይከፍትም፤ በኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው የጋራ ፕሪንተርም አንዲት ገጽ እንኳ አይልክም። በሩ አጠገብ፥ በአግዳሚው ወንበር ላይ፥ ከቡሌ የመጡ አንድ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። የልጁ ግራ ዓይን በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። በማግስቱ ጠዋት ሐዋሳ፥ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለው፤ ያለ ክፍያ እንዲታከም የሚጠይቀው የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ ያለው በዚያ ባኮረፈ ማሽን ውስጥ ነው። የቀሩት ሠራተኞች ለመስክ ሥራ ወጥተው ቢሮዎቻቸው ተቆልፈዋል። በፍላሽ ማውጣትም በቫይረስ ምክንያት ከተከለከለ ቆይቷል፤ ክልከላውን የጻፍሁትም እኔው ነኝ።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው፤ እኔም ከሥሩ ጀመርሁ። ገመዱ ጤነኛ ነው፤ የስዊቹ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። የማሽኑ የአይፒ አድራሻም ትክክል ነው። በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ቢሆን ኖሮ፥ አድራሻ የሚያድለውን አጥቶ ለራሱ ስም አውጥቷል ብዬ ችግሩን በያዝሁት ነበር። ሰርቨሩን በፒንግ ስጠራው ወዲያው «አቤት» ይላል። መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው፤ የተዘጋው በሩ ነው። ፕሪንተሩን ከዝርዝሩ አጥፍቼ እንደገና ለመጨመር ሞከርሁ፤ አልሆነም። የይለፍ ቃላቸውን ቀየርሁ፤ አልሆነም። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት… የጥገና ሠራተኛ የመጨረሻ ጸሎት! እርሱም አልሰመረም።

በማያው ማዕዘን ያለውን ሰዓት አይቼዋለሁ። 3፡40 ይላል። የእጅ ሰዓቴም 3፡40 ይላል። ታዲያ ምን ይጠረጠራል?

አዛውንቱ ዝም ብለው ሲመለከቱኝ ቆይተው፥ «ልጄ፥» አሉኝ፤ «ከመቼ ወዲህ ነው የታመመው?»

አፈርሁ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዚያው ዓመት መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር፥ ከቡናውና ከእንሰቱ ጋር ሽማግሌዎች የሚመክሩበት ሶንጎም አብሮ መነሣቱን ሰምቼ ተደስቼ ነበር። ሶንጎ ላይ ተቀምጦ የሰው ነገር የሰማ ሰው፥ ከመፍረዱ በፊት መጠየቅን ያውቃል። እኔ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ማሽኑን ስመረምር፥ በማሽኑ የሚሠሩትን ሴት አንዲት ነገር አልጠየቅሁም።

ወደ ጸሐፊዋ ዞርሁ።

«እትዬ፥ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሐሙስ ወዲህ።»

«ሐሙስ ዕለት ምን ተነካ?»

ጥቂት አመነቱ። «ሰዓቱን ብቻ ነው ያስተካከልሁት።»

ያን ጊዜ ማዕዘኑን ጠቅ አደረግሁ። ማርች 18 ቀን 2016፥ ዓርብ ይላል። እትዬ ማሽኑን ከነዓመቱ ከነወሩ ወደ እኛ አቆጣጠር አምጥተውታል፤ ኅዳር ሦስተኛው ወራችን ነውና ማርች ሆኗል፤ ማክሰኞአችንም ዓርብ ሆኗል። ሰዓትን በራሱ የሚያርመውን አገልግሎት እንኳ አንድ የሰፈር ወጣት አጥፍቶላቸዋል። ከእጅ ሰዓቴ ጋር ስለተስማማ ያመንሁት ማሽን፥ ከሰርቨሩ በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ቀርቶ ኖሯል።

በእንዲህ ያለ ኔትዎርክ ውስጥ ሰዓት ተራ ነገር አይደለም። በር ጠባቂው ሥርዓት ኬርቤሮስ ይባላል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራ ነው። ስሙም በግሪክ አፈ ታሪክ የሙታንን ዓለም ደጃፍ ከሚጠብቀው ባለ ብዙ ራስ ውሻ የተወሰደ ነው። ለሚገባ ሁሉ የጊዜ ማኅተም ያረፈበት ትኬት ይሰጣል፤ ሌባ የትናንቱን ትኬት ሰርቆ ዛሬ እንዳይገባበት። ስለዚህ በሁለቱ ማሽኖች መካከል ከ5 ደቂቃ የበለጠ ልዩነት ካለ፥ በተለመደው አሠራሩ በሩን አይከፍትም። 5 ደቂቃ! እኛ ደግሞ ከሌላው ዓለም ጋር የሰባትና የስምንት ዓመት፥ በሰዓትም የስድስት ሰዓት ልዩነት ይዘን በሰላም የምንኖር ሕዝብ ነን።

ለመቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። «ለምን?» የሚለው ግን ቀድሞ ወጣ።

«ቅጹ ነዋ!» አሉ እትዬ። «የቀጠሮውን ሰዓት በማሽኑ አቆጣጠር ያትማል። ባለፈው ወር አንዲት እናት 9፡00 የሚል ወረቀት ይዘው ሄዱ። በእኛ ዘጠኝ ሰዓት፥ ከሰዓት በኋላ መጡ። ‹ጠዋት ነበር፥ አልፎዎታል› ተብለው ተመለሱ። በእግራቸው ነው የመጡት። ለአንተም ነግሬህ ነበር እኮ።»

ነግረውኛል። ምን ብዬ እንደመለስሁላቸውም አስታወስሁ፦ «እሺ፥ እናየዋለን።»

አንባቢ ሆይ፥ በየመሥሪያ ቤታችን ከዚህች ቃል ይልቅ ብዙ ግንኙነት ያቋረጠ የተበጠሰ ገመድ ያለ አይመስለኝም። «እናየዋለን» ያልሁት እኔ ነኝ፤ አላየሁትም። እትዬ ግን አይተው ማለፍ ስላልቻሉ፥ ማሽኑን ወደ ሰዎቹ ሰዓት አመጡት። ስሕተት ነበር፤ ከእኔ ዝምታ ግን የተሻለ ስሕተት።

ሰዓቱን መለስሁ፤ የጠፋውን አገልግሎት አስነሣሁ። ማሽኑ እንደገና ሲከፈት ፕሪንተሩ ከኮሪደሩ ጫፍ አጓራ። ደብዳቤው ላይ ማኅተም አረፈበት። እትዬ የቀጠሮው ቀን ከታተመበት ሥር በእስክርቢቶ «ኅዳር 19፥ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብለው ጨመሩበት፤ ጮክ ብለውም አነበቡላቸው። አዛውንቱ ወረቀቱን አጥፈው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱና የልጁን እጅ ይዘው ተነሡ።

«ተሻለው?» አሉኝ፥ ወደ ማሽኑ እየጠቆሙ።

«ተሻለው፥ አባቴ።»

ከሰዓት በኋላ ቅጹን ከፈትሁ። ቀኑንና ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ እንዲያትም፥ ማሽኑ የማያውቃትን ጳጉሜንንም እንዲቆጥር አደረግሁት። ማሽኑ ከሰርቨሩ ጋር ይስማማ፤ ወረቀቱ ከሰዎቹ ጋር ይስማማ። ሥራው ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አንድ ወር ሙሉ ያሳደርሁት እርሱን ነበር።

እትዬ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላሉ፤ እኔም በዚያ ባለፍሁ ቁጥር አግዳሚውን አያለሁ። እኚያ እናት ግን ተመልሰው አልመጡም።