አራት ደቂቃ



ውድ አንባብያን፣ የብስክሌት እሽቅድምድም ወሬ በቤተሰብ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ብዕሬን ከማንሳቴ በፊት እኔም ራሴን ይህንኑ ጠይቄአለሁ። ይሁን እንጂ የማወጋችሁ ስለ አሸናፊዎች አይደለም፤ በአራት ደቂቃ ምክንያት ባዶ እጁን ስለ ተመለሰ አባትና እሱን ሲጠብቅ ስለ ዋለ ልጅ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ሃያ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ግን የምኖረው በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር አጠገብ በምትገኘው በኦሮራ ከተማ ነው። በዚህች ከተማ ኢትዮጵያዊው ብዙ ነው፤ እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ የታክሲ መሪ ይዞ የሚውለውም ጥቂት አይደለም። 46 ዓመት ሲሞላኝ ሐኪሙ ደሜን መርምሮ ስኳር በሽታ ደጃፌ ላይ መድረሱን ነገረኝ። በዚያው ሰሞን የ16 ዓመቱ ልጄ ከእኔ ጋር ያለው ንግግር «እሺ» እና «አላውቅም» በሚሉ ቃላት ተወስኖ ነበር። እኔ ሌሊት ስገባ እሱ ተኝቷል፤ እሱ ጠዋት ሲወጣ እኔ ተኝቻለሁ።

አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ የቆመውን የተራራ ብስክሌቱን እያየሁ «ታውሰኛለህ?» ብለው ከረጅም ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀብኝ። ለራሱ ከጓደኛው ሌላ ተውሶ እሑድ እሑድ አብረን መውጣት ጀመርን። በዓመቱም እሱ ራሱ ስሜን ለሊድቪል ውድድር አስመዘገበ፤ ዕጣውም ወጣልኝ።

ሊድቪል 3,100 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች የማዕድን ከተማ ናት። ከእንጦጦ ራስ ብዙም አታንስም። በአቅራቢያዋ ብረት ለማጠንከር የሚያገለግለው ሞሊብዲነም ይወጣበት የነበረው የክላይማክስ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1982 ሲዘጋ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ሥራ ፈታ። ከማዕድን ሠራተኞቹ አንዱ የነበረው ኬን ክሎበር፣ እንግዳ መጥቶ በከተማዋ እንዲያድር ብሎ እ.ኤ.አ. በ1983 የ100 ማይል የእግር ሩጫ ጀመረ። የተራራ ብስክሌቱ ውድድር በ1994 ተከተለ። ርዝመቱ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባን ከደብረ ብርሃን ከሚያገናኘው መንገድ ይበልጣል። አብዛኛው የጠጠርና የጫካ መንገድ ሲሆን የሚወጣው ዳገት ተደምሮ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል የተነሳ ሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ከገባ የብር ቀበቶ ዘለበት ይሸለማል። እንደ እኔ ያለው ተወዳዳሪ የሚታገለው ከቀዳሚዎቹ ጋር ሳይሆን ከሰዓቱ ጋር ነው።

ነሐሴ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱብሂን ከልጄ ጋር ሰግደን ወደ መነሻው ሄድን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ተኩሱ ተሰማና ተነሣን።

የመጀመሪያው ዳገት ሴንት ኬቨንስ ይባላል። ልጄ «አባ፣ እዚያ ላይ ቀስ በል» ብሎ ደጋግሞ መክሮኝ ነበር። ታዲያ አንድ ሸበቶ ሰው፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ እያፏጨ ሲያልፈኝ ነፍሴ አልቻለችም። ተከተልኩት። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል አልኩ። ደሴን ከተሰናበትኩ ሃያ ዓመት እንዳለፈ ሳንባዬ ያውቃል፤ እኔ ግን ረስቼው ነበር።

ፓወርላይን የተባለውን በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር የሚወርድ ገደላማ ቁልቁለት ስወርድ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ጎማው እንዳለቀ ልጄ ከሁለት ሳምንት በፊት አሳይቶኝ «ነገ እንቀይረዋለን» ብዬው ነበር። ነገ አልመጣም። በደነዘዘ ጣት የውስጥ ጎማ ቀይሬ እስክነፋ 14 ደቂቃ ሄደ።

ከዚያ ትዊን ሌክስ ከተባለው ሐይቅ አጠገብ ቤተሰቦች ተወዳዳሪዎቻቸውን የሚያስተናግዱበት ሜዳ አለ። ልጄ በሶ ጭብጦ፣ ቴምርና ውሃ ይዞ ጠበቀኝ። ከዚህ ወደ ኮለምባይን ማዕድን የሚወስደው አቀበት ይጀምራል። ጫፉ 3,800 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው በሲሶ ያህል ያንሳል። ዛፉ ካለቀ በኋላ መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ብዙው ሰው ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ይሄዳል። ጠዋት ለሸበቶው ሰው የከፈልኩት ጉልበት እዚህ ተፈለገና አልተገኘም። ሃያ እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ፤ አሥር ሄጄ እቆማለሁ። ሸበቶው ሰው ዞሮ ሲመለስ አየሁት። አሁንም ያፏጫል።

ወርጄ ወደ ልጄ ስመለስ የዙሁር ወቅት ገብቶ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ውዱእ አደረግሁና እንደ መንገደኛ ዙሁርና አስርን አሳጥሬ አጣምሬ ሰገድኩ። ስድስት ደቂቃ ወሰደ። ከዚያ ግን ልጄ ያዘጋጀው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሾርባ ጠጣሁ። «ትንሽ ልረፍ» አልኩ። ልጄ ሦስት ጊዜ «አባ፣ ሰዓቱ» አለኝ። ስነሣ 17 ደቂቃ አልፏል።

በመመለሻው ጠዋት የወረድኩት ፓወርላይን አቀበት ሆኖ ጠበቀኝ። አለቀ ሲሉት ሌላ ጫፍ ያወጣል። እየገፋሁ ወጣሁት። ከተማው ስደርስ ፀሐይ ወደ ተራራው ተጠግታለች። የመጨረሻውን መስመር ሳልፍ ሰዓቱ 12 ሰዓት ከ4 ደቂቃ መንዳቴን ያሳያል። ዘለበት የለም።

ልጄ ብስክሌቱን ተቀበለኝና ብዙ ዝም አለ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናውን እየነዳ «አባ፣ ዙሁርን አዘግይተህ ከአስር ጋር ስትጨርስ ብትሰግደው ኖሮ ትደርስ ነበር። ለመንገደኛ ይቻላል አይደል?» አለኝ።

«ይቻላል» አልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና መጣብኝ። «ለሰላቴ ስል ተሸነፍኩ» ብል የመስጊዱ ሰው ሁሉ ያደንቀኛል፤ ልጄም ምናልባት ያምነኛል። ግን እውነት አልነበረም። ስለዚህ «ና እንተሳሰብ» አልኩት። ለጎማው 14፣ ለወንበሩ 17፣ በድምሩ 31 ደቂቃ። ለሸበቶው ሰው ሲባል የባከነው ጉልበት ከዚህ ውጭ ነው። «ስድስቱን ደቂቃ ከስሰን 31ዱን በነፃ ልንለቅ ነው?» አልኩት። ሳቀ። ከዚያም ቀስ ብሎ «ጎማው የእኔም ጥፋት ነው፤ አንተ ስትረሳ እኔ ልቀይረው እችል ነበር» አለ። ኦሮራ እስክንደርስ ሳናቋርጥ አወራን። ያን ያህል ርቀት አብረን ያወራንበትን ቀን አላስታውስም።

ውድ አንባብያን፣ ጊዜ ሲያጥረን መጀመሪያ የምንቀንሰው ምን እንደ ሆነ አስቡ። ሰላታችንን እናጣድፋለን፤ የልጃችንን ጥያቄ «ነገ» እንለዋለን። ወንበሩ ላይ የተቀመጥንበትንና ከሌላው ጋር የተፎካከርንበትን ግን ማንም አይቆጥረውም። እኔ ለዓመታት «ለቤተሰቤ ጊዜ የለኝም» ስል ሥራዬን እከስስ ነበር። ሒሳቡን በሐቅ ስሠራው ግን ከሥራዬ ያልተናነሰ የበላው ከሥራ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ያለ ቁም ነገር የማመሸው ሰዓት ሆኖ ተገኘ።

ዘለበቱን አላገኘሁም። ስኳሩ ግን አልሐምዱሊላህ ከደጃፌ ርቋል፤ እሑድ ጠዋትም አሁን የልጄ ነው። ጎማውንም ሳያልቅ እንቀይራለን።

አላህ በጊዜያችን በረካ ያድርግልን። አሚን።