ከአቀስታ ወደ አምባ ፈሪት፤ በቢሲክሌትና በእግር

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለጦር ሜዳ ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር። ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር ከልጃችን ጋራ ወደ ደቡብ ወሎ ሄደን፥ ከአቀስታ ተነሥተን የአምባ ፈሪትን ተራራ ለመውጣት በሞከርን ጊዜ፥ ምሳሌው ለመንገደኛም እንደሚያገለግል በገዛ ስሕተታችን ተማርን። ስሕተትን መሰወር ለሌላው ሰው የማይጠቅም ስለ ሆነ፥ ነገሩን እንደ ሆነው ለመጻፍ ወደድን።

አቀስታ የለጋምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱ በኩል ወደ ምዕራብ የሚሄደው የመኪና መንገድ እርሷን አልፎ፥ በገነቴ አድርጎ መካነ ሰላም ይገባል። አገሩ ብርዱ የጸና ደጋ ነው፤ የሕዝቡም ኑሮ በገብስና በበግ ነው፤ ብዙው ገበሬ ተስፋውን በበልግ ዝናም ላይ ያኖራል። በጥር ማለዳ ሜዳው ሁሉ በአመዳይ ነጥቶ ሲታይ፥ ለቆላ ሰው ጥጥ የተዘረጋበት ይመስለዋል። ጎረቤቷ ወረኢሉም በ1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ወደ ዐድዋ ለሚዘምተው ሠራዊት መሰብሰቢያ ያደረጓት ስፍራ መሆኗን አንባቢ ሁሉ ያውቃል።

አምባ ፈሪት በለጋምቦና በሳይንት ወሰን ላይ የሚገኝ፥ በደቡብ ወሎ ካሉት ተራሮች ሁሉ የላቀ ነው፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4000 ሜትር ይጠጋል። ነገር ግን ከዋናው መንገድ የራቀ ስለ ሆነ፥ በእግር ብቻ የሚሄድ ሰው ከተራራው ሥር ሳይደርስ ጕልበቱ ያልቃል፤ በመኪና የሚሄድም ከጥርጊያው መንገድ ሊወጣ አይችልም። ቢሲክሌት ግን በሁለቱ መካከል ያለች ናት፤ ሜዳውን እንደ በቅሎ ታሻግራለች፥ ገለባም ገብስም አትጠይቅም።

ቢሲክሌትንና እግርን አጣምሮ ተራራ መውጣት በሌላው ዓለም የቈየ ልማድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. አንድ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ከጓደኞቹ ጋራ በዌልስ አገር የሚገኙትን የበርዊን ተራሮች በበረዶ መካከል ቢሲክሌቱን እየገፋ ተሻገረ፤ በ1955ም እንዲህ ያለውን ጕዞ የሚወድዱ ሰዎች በእንግሊዝ አገር ማኅበር አቆሙ። በስኮትላንድ ደግሞ ሰር ሂዩ ሙንሮ የተባሉ ሰው በ1891 ከ3000 ጫማ፥ ይኸውም ከ914 ሜትር በላይ የሆኑትን ተራሮች በዝርዝር አሳተሙ። ዛሬ እነዚህ ተራሮች 282 ሆነው ተቈጥረዋል፤ ሁሉንም በእግራቸው ለመርገጥ የሚተጉ ብዙዎች ናቸው። ከመንገድ ወደ ራቁት ተራሮች የሚሄዱትም በሸለቆው ውስጥ በቢሲክሌት ገብተው፥ ቢሲክሌቱን ከሥር ትተው በእግር ይወጣሉ። ጎማው ሰፊ፥ ማርሹም ብዙ የሆነው የተራራ ቢሲክሌት የተፈለሰፈው በ1970ዎቹ በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ ነው፤ በ1996ም በአትላንታ የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ።

በእኛም አገር ቢሲክሌት እንግዳ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. እነ ገረመው ደንቦባ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተወዳድረዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። አምባ በእግር መውጣትስ ከማን እንማረዋለን? በዚሁ በወሎ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚጓዘው ምእመን የመጨረሻውን ዳገት የሚወጣው በእግሩ ነው። እንግዲህ ጠቡ ከመሣሪያው ጋራ አይደለም፤ መሣሪያውን የት መተው እንደሚገባ ካለማወቅ ነው። የእኛም ስሕተት ይህ ነበር።

ቢሲክሌቶቻችንን በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭነን ከደሴ አቀስታ ገባን። ሰውነታችን የደጋውን ስስ አየር ይለምድ ዘንድ ሁለት ሌሊት አድረን፥ በማግሥቱ ማለዳ በገነቴ መንገድ ወደ ምዕራብ ተጓዝን። ኋላም ከዋናው መንገድ ወጥተን፥ በእርሻና በግጦሽ መካከል የሚያልፈውን የገበያተኛ መንገድ ያዝን። ሜዳውን ተቀምጠን፥ ዳገቱን ወርደን እየገፋን፥ ጭነት የያዙ አህዮችም ሲመጡ እንዳይደነግጡ ከመንገድ ፈቀቅ እያልን፥ ሊመሽ ሲል ከተራራው ሥር ካለችው የመጨረሻ መንደር ደረስን።

በዚያም አንድ ሽማግሌ ተቀበሉን። ባና አልብሰው ከእሳት ዳር አስቀመጡን፤ የገብስ ዳቦና ቡና ቀረበልን፤ ስለ መንገዳችንም ዱዓ አደረጉልን። ልጃችን በብርድ ሲንቀጠቀጥ ባዩ ጊዜ፥ «አብሽር፥ ልጄ! ብርዱ እንግዳ አይጠላም» አሉት።

በማግሥቱ ማለዳ ልጃችን፥ «አባባ፥ ቢሲክሌቶቹን እዚህ እንተዋቸው» አለን። እኛ ግን አንዱን ይዘን እንውጣ አልን። ምክንያቱንም ለመናገር እናፍራለን፤ በተራራው ጫፍ ላይ ከቢሲክሌት ጋራ ፎቶግራፍ ተነሥተን፥ በአዲስ አበባ ላሉት ወዳጆቻችን ለማሳየት ነበር። ሽማግሌውም ነገሩን ሰምተው ዝም አሉ፤ እንግዳን መገሠጽ አልወደዱም።

ጓሳው ካለበት እስክንደርስ እየገፋን ሄድን፤ ከዚያ በላይ ድንጋዩ ስለ በዛ ተሸከምነው። አንድ ጊዜ እኛ፥ አንድ ጊዜ ልጃችን እየተቀባበልን ስንወጣ፥ በሁለት ሰዓት ሊያልቅ የሚገባው መንገድ አምስት ሰዓት ፈጀ። ጅብራው ካለበት በደረስን ጊዜ ጉም ከቆላ ተነሥቶ ተራራውን ሸፈነው። ልጃችን ራሱን እንዳመመው ነገረን፤ ጥቂት ቈይቶም አስመለሰው። እኛም፥ «አይዞህ፥ ጥቂት ነው የቀረን» አልነው። ሁለተኛ ቀና ብለን ፊቱን ባየን ጊዜ ግን ከንፈሩ ጠቍሮ፥ እግሩም እየተብረከረከ ነበር። ያን ጊዜ ልባችን ደነገጠ። ለፎቶግራፍ ብለን የወሰድነውን ልጅ፥ ለእናቱ ምን ብለን እንመልሳለን? ቢሲክሌቱን ከአንድ ቋጥኝ ሥር ጥለን፥ የልጃችንን እጅ ይዘን ቁልቁል ተመለስን። በጉሙ ውስጥ መንገዱ ጠፍቶብን ስንጨነቅ፥ የአንድ እረኛ ልጅ ፉጨት ሰማን፤ እርሱም በጎቹን እየነዳ እስከ መንደሩ መራን።

ልጃችን ከተራራው እንደ ወረደ ሕመሙ እየቀለለ ሄደ፤ እስከ ማታም ምግብ ቀመሰ። ሽማግሌውም ይህን ካዩ በኋላ ፈገግ ብለው፥ «ጌታው፥ በቅሎ ሰውን ተሸክማ ስትወጣ አይቻለሁ፤ ሰው በቅሎውን ተሸክሞ ሲወጣ ግን ዛሬ ገና አየሁ» አሉን። ቤቱ ሁሉ ሣቀ፤ እኛም ሣቅን፤ ነገር ግን ቃሉ እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

አንድ ቀን ሙሉ አረፍን። በሦስተኛው ቀን ልጃችን ጤነኛ መሆኑን ካረጋገጥን በኋላ፥ ጎሕ ሲቀድ ውሃና ቆሎ ብቻ ይዘን፥ ያንኑ እረኛ መሪ አድርገን ወጣን። ዕርምጃችንን የሚወስነው ልጃችን ይሁን ብለን ከፊት አስቀደምነው። በመንገድም የጭላዳ መንጋ ሣር ሲነጭ፥ አንድ ቀይ ቀበሮም አይጥ ሲያደባ አየን። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኝ፥ ቍጥሩም እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፥ ከሩቅ ቆመን እስኪያልፍ ድረስ ጠበቅነው። ፀሐይ ሳትበረታ ከጫፉ ደረስን። በስተ ሰሜን የበሽሎ ቆላ፥ በስተ ምዕራብም የዓባይ በረሃ ጢስ በመሰለ ብርሃን ተሸፍኖ ታየን። ልጃችንም ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ፥ «አባባ፥ ባለፈው ወጥተን ቢሆን ይህን ሁሉ አናየውም ነበር፤ ቢሲክሌቱን ብቻ ነበር የምናየው» አለን።

እንግዲህ በዚህ መንገድ ልጁን ይዞ ለሚሄድ ሰው ጥቂት ምክር እንጨምራለን። ከመነሣቱ አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ከወረዳው ሹማምንት ይጠይቅ፤ ከአገሩም ሰው መሪ ይያዝ። የሚሄድበት ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይሻላል። ፍሬኑንና ካቴናውን ማታ ይመርምር፤ መንፊያና የጎማ ማጣበቂያ አይለየው፤ በገጠር ገዝቶ ማግኘት አይቻልምና። ውሻ አያስከትል፤ የውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮውን ይፈጃል። ቁልቁለት ሲወርድ መንገዱ የእረኛና የበግ መሆኑን አይርሳ። ራሱን ያመመው ሰው ካለ፥ ጫፉ አጠገቡ ቢሆንም እንኳ ወዲያው ይመለስ፤ ለከፍታ ሕመም ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው።

ከቋጥኙ ሥር የጣልነውን ቢሲክሌት በመልስ መንገዳችን አገኘነው፤ ከመንደሩ እስከ አቀስታም በደኅና አደረሰን፤ ሥራውም ይኸው ነበር። በቤታችን ግድግዳ ላይ ከተራራው ጫፍ የተነሣነው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። እንግዶች፥ «ቢሲክሌቱስ የታለ?» ብለው በጠየቁ ቍጥር፥ ልጃችን ከእኛ ቀድሞ፥ «ከሥር ነው የተውነው» እያለ ይመልስላቸዋል።