እናቴማ አለች!

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በጎልማሶች የማታ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህሯን በአማርኛ አግዝ ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎች የእኛ ሰዎች ናቸው። ቀን ታክሲ ሲነዱ፣ ልጅ ሲጠብቁ ውለው፣ ማታ ደክሟቸው ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ያለፈ ልማድ የተማርንበትን ሰሞን አልረሳውም።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ የድሬዳዋ ሰው ነበሩ፤ በአሮጌው የጅቡቲ ባቡር ላይ ሲሠሩ የኖሩ። መምህሯ ስለ ድሮ ሥራቸው ስትጠይቃቸው «አይ ዎዝ ወርኪንግ ኢን ትሬን» አሉ። ስህተቱ የሁላችንም ነው። «ስትደውልልኝ እሠራ ነበር» ብንልም፣ «ድሮ ባቡር ላይ እሠራ ነበር» ብንልም ለእኛ ግሱ ያው ነው። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ስልኩ ሲጮኽ በእጅ የነበረው ሥራ «ዎዝ ወርኪንግ» ነው፤ የዘወትር የነበረውና ዛሬ የሌለው «ዩስቱ ወርክ» ነው። ሲጻፍ መሀሉ ላይ «ዲ» አለችበት፤ ሲነገር ግን አትሰማም።

«ቀረ ማለት ነዋ?» አሉ ጋሼ።

«አዎ ጋሼ፤ ያኔ ነበር፣ አሁን የለም።»

አንገታቸውን ነቅንቀው ጻፉት።

በማግስቱ «ውድ» መጣ። እሱም ያለፈ ልማድ ይነግራል፤ ግን ዘመኑ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ሰው ወሬውን በ«ዩስቱ» ይጀምርና ማለዳ ተነሥቶ የሚያደርገውን፣ ማታ የሚያደርገውን በ«ውድ» ይቀጥላል። ለሚደጋገም ድርጊት እንጂ ለመኖር፣ ለማወቅ ወይም ለንብረት አይሆንም። አንዲት እናት ግን «አይ ውድ ሃቭ ቢግ ሃውስ» አሉ። ትልቅ ቤት ነበረኝ ማለታቸው ነው። መምህሯ ዝም ብላ ቀሪውን ጠበቀች፤ በእሷ ጆሮ «ትልቅ ቤት ይኖረኝ ነበር» ተብሎ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» የሚለው ገና አልተነገረም። ሴትዮዋ የነበራቸው ቤት እንዳልነበራቸው ሆኖ መሰማቱን ሳስረዳቸው ቅር አላቸው። እኔም ከልቤ አዘንኩ። ይህን ትምህርት በሠንጠረዥ ብቻ የሚያልፍ መጽሐፍ የማልወደው ለዚህ ነው፤ ስደተኛ ያለፈውን ሲናገር ቤቱን፣ ሥራውን፣ ሰውነቱን ነው የሚናገረው።

ከሁሉ የማልረሳው የደሴዋን ልጅ ነው። እሑድ ምን ታደርጊያለሽ ስትባል «ኤቭሪ ሰንዴይ አይ ዩስቱ ኮል ማይ ማዘር» አለች። መምህሯ ፊቷ ተለወጠ። ጠጋ ብላ ትከሻዋን ይዛ «አይ አም ሶ ሶሪ» አለቻት። ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች።

«እናትሽ የሞተች መስሏት ነው» አልኳት።

«ኧረ በስመ አብ! እናቴማ አለች!»

የዛሬ ልማድ በ«ዩስቱ» እንደማይነገር፣ ለእሱ «ዩዡዋሊ» እንዳለ ነገርኳት። ወዲያው ቀና ብላ፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አድርጋ «አይ ዩዡዋሊ ኮል ማይ ማዘር!» አለች።