የደብረ ዳሞ ጠፍር

ከአዲግራት በስተ ምዕራብ የሚገኘው ደብረ ዳሞ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው፤ መውጫውም 15 ሜትር ያህል የሚረዝም የጠፍር ገመድ ብቻ ነው። ገዳሙን በ6ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት አቡነ አረጋዊ፣ ንጉሥ ገብረ መስቀል ለሕንፃው ያሠራውን መወጣጫ ሥራው ሲፈጸም «ዳሕምሞ»፣ ማለትም «አፍርሰው» ስላሉ ስሙ ዳሞ ተባለ ተብሎ ይተረካል።

ከገደሉ ሥር ቆመን ሽቅብ ባየን ጊዜ ጉልበታችን ከዳን። መነኵሴው ግን በወገባችን የሚታሰረውን ሁለተኛ ጠፍር ከላይ አውርደው፣ «ጫፉን አትመልከቱ፤ እግራችሁ የሚያርፍበትን ብቻ ፈልጉ» አሉን። እንደ ቃላቸው ንቃቃቱን አንድ ባንድ እየረገጥን ወጣን። ያ ጠፍር ባይኖር ብርታታችን ባልበቃ ነበር፤ ጠፍሩም እያለ እግራችንን ባናነሣ አንወጣም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ብዙ ቤት ባፈረሰበት በዚያ አገር፣ አንዲት እናት የግቢያቸውን ካብ በቀን ጥቂት ድንጋይ እየካቡ እንደሚያቆሙ ነገሩን። ወዳጆቻችን ሆይ፣ መከራ የገባበት ቤትም እንዲሁ ነው፤ የዓመቱን ሸክም ባንድ ቀን መሸከም አይቻልም። የዛሬን ጸሎት፣ የዛሬን ሥራ፣ የልጆችን የዛሬ ትምህርት አለማስታጎል ግን ይቻላል። አምላከ አቡነ አረጋዊ ሁላችንንም ያጽናን።