ክርና ካርቶን

ቀድሞ በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ዓይነ ስውር ተማሪ ከዓይናማው ጓደኛው በታች ሆኖ የሚቆጠርበት ምክንያት ጥቂት ነበረ። ይኸውም የቃል ትምህርት የሚባለው ሌሊት፣ መብራት በሌለበት፣ መምህሩ እየተናገሩ ተማሪው እየተቀበለ የሚጠና ስለ ሆነ ነው። በጨለማ ውስጥ ማን ያያል፤ ማንስ አያይም? ዜማው የሚያዘው በጆሮ ነው፤ ቅኔውም የሚቆጠረው በልብ ነው። ስለዚህ ዓይነ ስውራን ጉባኤ ዘርግተው ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል። በእስክንድርያም በ4ኛው መቶ ዘመን ዲዲሞስ የተባለው ሊቅ በሕፃንነቱ የዓይኑን ብርሃን አጥቶ ሳለ የታወቀው ትምህርት ቤት መሪ ለመሆን በቅቷል። ዘመናዊው ትምህርት ግን ሰሌዳና ጠመኔ ይዞ መጣ።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ አግኝቼው ብቻ አይደለም። ካዛንቺስ ስኖር ለአንድ የጎረቤቴ ልጅ ሁለት ዓመት ያህል አንባቢው ነበርሁ። (የሠፈሩ ስም ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች የመጣ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ እኛ ግን የጣልያኑን አፍ ሰባብረን የራሳችን አድርገነዋል።) ልጁ በሰበታ መርሐ ዕውራን ብሬል ተምሮ፣ ከዚያም ከዓይናሞች ጋር ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ፣ በ2015 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት ሲመጣ በፎቶ ኮፒ የተባዛውን ጽሑፍ ይዞልኝ ይመጣል። እኔ አነባለሁ፤ እርሱ በወፍራም ወረቀት ላይ በሹል ብረት ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ይጽፋል፤ ወረቀቱን ገልብጦ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነበዋል። «ጋሼ፣ ይህችን ይድገሙልኝ» ሲለኝ አንድም ጊዜ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ የተበላሸ ሆኖ ይገኛል። ዓይናማው ተማሪ ሳያስተውል የሚያልፈውን ስሕተት እርሱ አያልፈውም ነበር።

ችግር የመጣው በምጣኔ ሀብት መግቢያ ትምህርት ላይ ነው። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሁለት መሥመር አሥምረው «ይህኛው ከዚህኛው ጋር እዚህ ላይ ይገናኛል» ይላሉ። ልጁ እጁን አውጥቶ «የት ላይ?» ብሎ ቢጠይቅ ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም አዝነው እንደ ሆነ ነገረኝ። ነገር ግን ኀዘናቸው መሥመሮቹ የት እንደሚገናኙ አላሳወቀውም።

እኔም ጽሑፉ «ሥዕሉን ተመልከት» በሚልበት ቦታ ሁሉ አፌ ይያዝ ነበር። መፍትሔውን ያገኙት ፊደል ቈጥረው የማያውቁት እናቱ ናቸው። የነገርኋቸውን ሰምተው ካርቶን ቈርጠው አመጡና አንደኛውን መሥመር በወፍራም የሱፍ ክር፣ ሁለተኛውን በቀጭን ክር ሰፉበት። ልጁ ጣቱን አሳልፎ መገናኛው ላይ ሲደርስ ቆመና «ዋጋው እዚህ ነው ማለት ነው?» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ምዕራፍ እርሱ ለእኔ አስረዳኝ።

ከዚህ ቀን ጀምሮ ምጣኔ ሀብት ለመማር ተመኘ፤ ሆኖም አልሆነለትም። ምክንያቱም ገና በታችኛው ክፍል ሳለ «ቍጥር ለዓይነ ስውር ይከብዳል» ተብሎ ሒሳብን በወጉ ሳይማር አልፏል። ይህም የእርሱ ብቻ ዕጣ አይደለም። ብዙዎቹ ጓደኞቹ ወደ ቋንቋ፣ ወደ ታሪክና ወደ ሕግ የሚሄዱት ሁልጊዜ ወደው አይደለም። እርግጥ ነው፣ እነዚህ የተናቁ ትምህርቶች አይደሉም። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆና ሳለ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብላለች። ግብጻዊው ጣሃ ሑሴንም ባለቤቱ ሱዛን እያነበበችለት ጽፎ፣ በ1950 እ.ኤ.አ. የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ሆኗል። እኔ ግን የምጠይቀው፣ ልጁ ሊማር የፈለገው ሌላ ከሆነስ?

ሕጉ በኩል ጕድለት አላየሁም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አለ፤ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጕዳተኞች እንዲመች የሚያዝዘው አዋጅ ቍጥር 624/2001 አለ፤ ዓለም አቀፉንም ስምምነት አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ለመግቢያ የሚፈለገውን ነጥብ ዝቅ ማድረግም አልጠላም። ግን ነጥቡ ዝቅ ብሎለት የገባ ተማሪ ክፍል ውስጥ የሚዳስሰው መሥመር ከሌለው፣ ልግስናው ከበሩ ላይ ቀረ ማለት ነው። ካርቶንና ክር ስንት ብር ያወጣል?

በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው ካዛንቺስ ፈረሰ። እኔም ሠፈር ለወጥሁ፤ የልጁም ቤተ ሰብ ወደ ገላን ጉራ ተዛወረ። ከታክሲው ወርዶ እስከ ደጁ በዳቦ ቤቱ ሽታና በፍሳሽ መክደኛው ብረት ድምፅ ይለየው የነበረውን መንገድ ትቶ፣ ሌላ መንገድ እንደ ገና በዱላ መማር ነበረበት። ከግንቦት እስከ ሰኔ ፈጀበት። እርሱ አሁን የታሪክ ተማሪ ነው፤ የሚያነብለትም የማደሪያ ክፍል ጓደኛው ነው።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውዬ፣ ካርቶኖቹ በዕቃው ጭነት መካከል ጠፍተው እንደ ሆነ እናቱን ጠየቅኋቸው። «ምን ሲደረግ ይጠፋሉ!» አሉኝ። ከልብስ ሣጥናቸው ሥር አኑረዋቸው ነበር፤ አሁን አንድ የመጀመሪያ ዓመት ዓይነ ስውር ተማሪ ተውሷቸዋል። መሥመሩ ሦስት የሆነ አዲስ ሥዕል ደግሞ ይዞላቸው መጥቶ፣ ለሦስተኛው የሚሆን ሌላ ዐይነት ክር እየፈለጉ ነው።